ወርቅ የጠጣው አንገት

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አዳማ ዳርቻ ባለ አንድ የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሙከራ አይጦችን ሲመግብ የኖረው የቀድሞ መድፈኛ ዘገዬ የጥበቃውን የአለልኝን አናት በብረት ፈንክቶ ሽጉጡን ከነጠቀ በኋላ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ አለቃውን ዶክተር ትርሲትን በአንድ ክንዷ አንጠልጥሎ ይዟታል።

ዘገዬ፦ አብሪው አልኩሽ! ስንቴ ልንገርሽ?

ትርሲት፦ አላበራም። ጋሽ ዘገዬ፣ ይህ ዕጢ በብርሃን የሚያቃጥል መሣሪያ ለአይጥ ነው የተሠራው። ሰው ላይ በርቶ አያውቅም።

ዘገዬ፦ ዛሬ ይበራል።

ትርሲት፦ መጀመሪያ በሩን ይክፈቱልኝና አለልኝን ልየው። ደሙ በበሩ ሥር ወደዚህ እየገባ እኮ ነው፤ አይታይዎትም?

ዘገዬ፦ አልሞተም። እንዳይሞት አድርጌ ነው የመታሁት። ሽጉጡን በሰላም ስጠኝ ብዬው ነበር፤ ሳቀብኝ። ሳቁን አስዋጥኩት።

ትርሲት፦ ምሳ እንኳ አብራችሁ ነበር የምትበሉት!

ዘገዬ፦ ምሳ? ምሳ ከበላሁ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ውሃ ስጎነጭ በአፍንጫዬ ነው የሚመለሰው። ነይ ወደ መሣሪያው! ነይ!

ትርሲት፦ ክንዴን ይልቀቁኝ፣ እያመመኝ ነው!

ዘገዬ፦ ይመምሽ። ሰው ሲያመው ምን እንደሚመስል ለአንድ ቀን ቅመሺው።

ትርሲት፦ እሺ፣ ይተኩሱ! ይተኩሱና ይገላገሉ። እኔ ከሞትኩ ማን ሊያበራልዎት ነው? አለልኝ ነው?

ዘገዬ፦ ማን እተኩሳለሁ አለሽ? ጣትሽን ነው የምሰብረው። ያንን ቁልፍ ለመጫን ዘጠኝ ጣት ይበቃሻል።

ትርሲት፦ ጋሽ ዘገዬ፣ አይሆንም፣ በእናትዎ... ወይኔ! ወይኔ እጄን! ወይኔ!

ዘገዬ፦ የግራሽ ትንሿ ናት። ሥራ የምትሠሪበትን ቀኝሽን አልነካሁብሽም። አትጩሂ።

ትርሲት፦ አውሬ! አብደሃል! ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሼ፣ ጋሼ ስልህ የኖርኩት አንተን ነው?

ዘገዬ፦ አንተ አልሽኝ። ጥሩ ነው፣ ይልመድብሽ። አሁን ተነሺ።

ትርሲት፦ ቢበራስ ምን ሊሆንልህ ነው? ብርሃኑ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ አንተ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለህ። ስንት ጊዜ አስረዳሁህ! በደም ሥር የምንወጋው የወርቅ ብናኝ ነው ብርሃኑን ጠጥቶ የሚግለው። ዕጢው ውስጥ ወርቁ ከሌለ፣ ባበራው ባጠፋው ያው ነው።

ዘገዬ፦ አለ።

ትርሲት፦ ምኑ?

ዘገዬ፦ ወርቁ። እዚህ ነው ያለው፣ በደሜ ውስጥ። ትናንት ጠዋት አንቺ ስብሰባ ስትገቢ ከፍሪጁ አወጣሁት። ክንዴን በቀበቶ አሰርኩ፤ ሥሩ ሲነሳ ቀስ እያልኩ ወጋሁት። አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል ስትዪ ሰምቻለሁ፤ ይኸው ቀኑ ሞላ።

ትርሲት፦ እየዋሸህ ነው።

ዘገዬ፦ ፍሪጁን ክፈቺው።

ትርሲት፦ ስንት ጠርሙስ ወሰድክ? ዘገዬ፣ ስንት?

ዘገዬ፦ የነበረውን ሁሉ።

ትርሲት፦ አሥራ አንዱንም?

ዘገዬ፦ አሥራ አንዱንም። ዝም ብዬ እንዳይመስልሽ፣ ሒሳቡን ሠርቻለሁ። አንዷ አይጥ ሃያ ግራም ናት፤ በየሳምንቱ የምመዝናት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ከስቼ ከስቼ ሃምሳ አንድ ኪሎ ገብቻለሁ። የሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ አይጥ ድርሻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ያለው ግማሹንም አይሞላም። ምን ላድርግ? ያለው ያው ነው።

ትርሲት፦ አራት ዓመት! አራት ዓመት የሠራሁት ነው! ወደ ሰው ሊሄድ ፈቃድ የሚጠብቀው እሱ ነበር!

ዘገዬ፦ ወደ ሰው ሄዷል እኮ። እኔ ምንድን ነኝ?

ትርሲት፦ ሌባ! ሌባ ነህ አንተ!

ዘገዬ፦ መቀሱን አስቀምጪ። ትርሲት፣ መቀሱን አስቀምጪ አልኩሽ! አንቺ... ወጋሽኝ? ወጋሽኝ እኮ! እጅሽን ከሽጉጡ ላይ አንሺ! አንሺ፣ ሊባርቅ ነው!

ትርሲት፦ አንተ ልቀቀው! ልቀቅ!

ዘገዬ፦ ይኸው! ባረቀ! ተመታሽ? መልሺልኝ፣ ተመታሽ ወይ?

ትርሲት፦ እኔ እንጃ። ጆሮዬ ጮኸብኝ። አይ፣ መስኮቱ ነው። መስኮቱን ነው ያፈረሰው።

ዘገዬ፦ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ በቃ። አሁን ፖሊስ ይመጣል። ትከሻዬን እስከ አጥንቴ ነው የቀደድሽው። እንደዚህ ዓይነት ክንድ እንዳለሽ አላውቅም ነበር። ቁሚ። ቁሚና አብሪ፣ ጊዜ የለንም።

ትርሲት፦ እየተንቀጠቀጥክ ነው።

ዘገዬ፦ ከፍርሃት አይደለም።

ትርሲት፦ አውቃለሁ። ፊትህን ወደ ብርሃኑ አዙር። ዓይንህ ቢጫ ሆኗል። ሌሊቱን አስመለሰህ?

ዘገዬ፦ ሦስት ጊዜ።

ትርሲት፦ ሽንትስ?

ዘገዬ፦ ጠቁሯል። ምን አገባሽ?

ትርሲት፦ ጉበትህ ነው ወርቁን የሚለቅመው። ያን ሁሉ በአንድ ቀን አሸክመኸው እንዴት እንዳልፈነዳ ይገርመኛል። ስማኝ። ሳላይ አላቃጥልም። ይህ መሣሪያ ሁለት ሥራ ነው ያለው፤ መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ ያቃጥላል። ወርቁ የት እንደተሰበሰበ ካላየሁ ጤነኛውን ሥጋ ነው የምጠብሰው።

ዘገዬ፦ ይህንን ለእኔ አትንገሪኝ። ዒላማው ሳይታይ አይተኮስም። ጠረጴዛው ላይ እተኛለሁ፤ ሽጉጡ ግን ሆድሽ ላይ ነው። የማያምር ነገር ካየሁ እስበዋለሁ።

ትርሲት፦ ይሁን፣ ይተኙ። አገጭዎን ወደ ላይ። ተጨማሪ... ተጨማሪ ወደ ግራ።

ዘገዬ፦ ደግሞ ወደ እርስዎ ተመለስሽ?

ትርሲት፦ ጠረጴዛዬ ላይ ለተኛ ሰው እንደዚህ ነው የምናገረው። ዝም ይበሉ። ይኸው፣ ስክሪኑን ይመልከቱት።

ዘገዬ፦ ይህ የሚያበራው ምንድን ነው?

ትርሲት፦ ወርቁ ነው።

ዘገዬ፦ ገብቷል ማለት ነው! ዕጢው ውስጥ ገብቷል!

ትርሲት፦ ገብቷል። እኔም በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ከመንጋጋዎ ሥር፣ የዶሮ እንቁላል ያህላል። አሁን ደግሞ እዚህ ጋ ይዩ። ይህ እየተነፋ የሚረግበው ጥቁር ገመድ ይታይዎታል?

ዘገዬ፦ ይታየኛል።

ትርሲት፦ ወደ አንጎልዎ ደም የሚወስደው ትልቁ ሥር ነው። ዕጢው ተደግፎታል፤ በመሃላቸው ወረቀት አይገባም። ሙቀቱ ያንን ሥር ከበሳው፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ደምዎ ያልቃል። ለዚህ ነው አላበራም ያልኩት።

ዘገዬ፦ ካልተበሳስ?

ትርሲት፦ ጉሮሮዎ ይከፈት ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው። ከአሥር አይጦች ሰባቱ ድነዋል።

ዘገዬ፦ ሦስቱን የቀበርኳቸው እኔ ነኝ፣ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? አንቺ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ይህ እንቁላል የዛሬ ዓመት የሽንብራ ፍሬ ነበር። ታስታውሻለሽ?

ትርሲት፦ አላስታውስም።

ዘገዬ፦ ኮሪደሩ ላይ አስቆምኩሽ። ሻንጣሽን እየጎተትሽ፣ ውጭ አገር ስለ አይጦቹ ልትናገሪ ስትሄጂ። «ዶክተር፣ ይህችን እብጠት ይንኩልኝ» አልኩ። በሁለት ጣትሽ ዳበስሽኝና «ጥርስ ይሆናል ጋሽ ዘገዬ፣ ጥርስዎን ይታዩ» አልሽኝ። ታየሁ። ሦስት ጥርስ አስነቀልኩ። ሦስት ደህና ጥርስ፣ ሥጋ የምሰብርባቸው! እብጠቱ ንቅንቅ አላለም። አራተኛውን ሊነቅል ሲል ነው የጥርስ ሐኪሙ ደንግጦ የተወኝ። ከዚያ ናሙና ተባለ፣ ከዚያ ወረፋ ተባለ። ወረፋው ደርሶኝ ስገባ ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ዘገየ» አለ። ስሜን የጠራኝ መስሎኝ «አቤት» አልኩት።

ትርሲት፦ ጋሽ ዘገዬ...

ዘገዬ፦ ያን ቀን አላወቅሽም ነበር? ስድስት ዓመት ካንሰር ስታሳድጊ፣ ስትገድዪ የኖርሽ ሰው፣ ጣትሽ አላወቀውም?

ትርሲት፦ ሽጉጥ ተደግኖብኝ የምናገረው ምን ሊረባዎት ነው?

ዘገዬ፦ ይረባኛል! ተናገሪ!

ትርሲት፦ አውቆታል። ጣቴ አውቆት ነበር። ጠጣር ነበር፣ ከሥር የተተከለ፣ ሲገፉት የማይንቀሳቀስ። እንዲህ ያለ እብጠት ጥርስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሁለት ሰዓት ነበር የቀረው። ስመለስ በደንብ አየዋለሁ አልኩ። ስመለስ ያጨበጨበልኝ ሰው ብዙ ነበር። ረሳሁት።

ዘገዬ፦ ረሳሁት?

ትርሲት፦ አልረሳሁትም። በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ ዶክተር» ሲሉኝ መሬት መሬቱን አይ ነበር። አንገትዎን እንዳላይ። ካየሁት መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ከተናገርኩ ደግሞ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም ሊሉኝ ነው። እብጠቱ ሲያድግ አየዋለሁ፤ እያየሁት አላየሁም እል ነበር።

ዘገዬ፦ አይጧን! አንዲት አይጥ ጆሮዋ ሲቀላ ከቤትሽ ድረስ ትጠሪያለሽ! እኔ እኮ ጥጥ እያነጠፍኩ የማሳድርልሽ... እኔ...

ትርሲት፦ ይነሱና ይምቱኝ። ይምቱኝ እንጂ!

ዘገዬ፦ እመታሻለሁ!

ትርሲት፦ አፌን... ጥርሴ ነው... ጥርሴን አረገፉት...

ዘገዬ፦ አንዱን ነው። ሁለት ይቀርሻል።

ትርሲት፦ ይጨርሱዋ! ለምን ያቆማሉ?

ዘገዬ፦ እጄ ዛለ። ሌላ ምንም አይደለም፣ እጄ ዛለብኝ። ውጭ የምሰማው ምንድን ነው?

ትርሲት፦ መኪና ነው። ፖሊሶች ናቸው። አለልኝን እያነሱት መሰለኝ፣ ሲያቃስት ይሰማል።

ዘገዬ፦ በሩን ሊሰብሩ ነው። ወደ በሩ ጩሂና አንድ ነገር በያቸው። አንድ ቃል ካበላሸሽ አንጀትሽን እዘረግፈዋለሁ።

ትርሲት፦ እናንተ! ዶክተር ትርሲት ነኝ! በሕይወት አለሁ! የተጎዳውን ሰው ሆስፒታል አድርሱት! በሩን አትንኩ፣ ሩብ ሰዓት ስጡን! ሩብ ሰዓት ብቻ!

ዘገዬ፦ ሩብ ሰዓት ምን ያደርግልሻል?

ትርሲት፦ ማቃጠሉ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

ዘገዬ፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ ሰምተውኛል። ይተኙ።

ዘገዬ፦ አሁን ደግሞ ምን አስበሽ ነው? ብርሃኑን ሥሩ ላይ ልታሳርፊው ነው። ገባኝ። ሳትከሰሺ ልትገድዪኝ ነው።

ትርሲት፦ ልገድልዎ ብፈልግ ዝም ብዬ ፖሊሶቹን አስገባ ነበር። ጋሽ ዘገዬ፣ ከዛሬ በኋላ ይህን በር እንድከፍት ማንም አይፈቅድልኝም። ወርቁ አልቋል፤ ፈቃዴንም ይነጥቁኛል። እዚህ ክፍል ውስጥ የቀረችኝ ሥራ ይህች ብቻ ናት። ይተኙ።

ዘገዬ፦ ማደንዘዣ አለ?

ትርሲት፦ የአይጥ ነው። ቆዳዎን ትንሽ ያፈዘዋል እንጂ ውስጥ ድረስ አይገባም። ያቃጥልዎታል። ደግሞ አፍዎን መዝጋት አይፈቀድልዎትም፤ ያወሩልኛል። ከሥሩ ጎን የድምፅ ነርቭ አለ። ድምፅዎ ከተቀየረ በጣም እንደተጠጋሁ የማውቀው በእሱ ነው። ዝግጁ ነዎት?

ዘገዬ፦ ቀይዋ በራች።

ትርሲት፦ ቀይዋ ማነጣጠሪያ ናት። የሚያቃጥለው ብርሃን ለዓይን አይታይም። ለቀቅኩት። ሙቀቱ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ። አርባ። ያውሩ።

ዘገዬ፦ ምን ላውራ?

ትርሲት፦ የመድፉን ያውሩኝ። አርባ ሁለት።

ዘገዬ፦ መድፍ... መድፈኛ የሚመታውን አያይም። በሬድዮ ቁጥር ይነግሩሃል፣ ትተኩሳለህ። ሌላ ቁጥር ይነግሩሃል፣ ደግሞ... ኧረ! ኧረ ነደድኩ!

ትርሲት፦ አይንቀሳቀሱ። አርባ አምስት። ይቀጥሉ።

ዘገዬ፦ ደግሞ ትተኩሳለህ። ማታ ሾርባ ይሰጡሃል፣ ትተኛለህ። አንድ ቀን ግን ግንባሩ ተሰበረና የመታነውን መንደር በእግር አለፍንበት። አጥሩ ይጨሳል። በር ላይ አንዲት ሴትዮ... ይህ የሚሸተው ምንድን ነው?

ትርሲት፦ አርባ ሰባት።

ዘገዬ፦ እኔ ነኝ? የሚሸተው እኔ ነኝ?

ትርሲት፦ እርስዎ ነዎት። አያቁሙ። ሴትዮዋስ?

ዘገዬ፦ ያኔም እንደዚህ ነበር የሸተተው። ልክ እንደዚህ። በር ላይ ተቀምጣለች፣ ከወገቧ በታች... አልችልም። አልችልም፣ አጥፊው! አምላኬ፣ አጥፊው!

ትርሲት፦ አላጠፋውም! ግማሽ ተቃጥሎ የቀረ ዕጢ መልሶ ነው የሚያድገው። አርባ ዘጠኝ። ሽጉጡን ከሆዴ ያንሱልኝ፣ እጄ ሊንቀጠቀጥ ነው።

ዘገዬ፦ አላነሳም!

ትርሲት፦ እንግዲያው ሁለታችንም አንነቃነቅም። ሃምሳ። አራት ደቂቃ ነው የቀረው። ሴትዮዋ ምን አለች?

ዘገዬ፦ «ውሃ» አለች። ኮዳዬ ሙሉ ነበር። መቶ አለቃው «እለፍ!» አለኝ፣ አለፍኩ። ኮዳዬ ሙሉ ነበር እኮ ዶክተር! እኔም አይቼ እንዳላየሁ ነው ያለፍኩት። ማንን ነው የምመታው እኔ? ማንን ነው ጣቱን የምሰብረው?

ትርሲት፦ ድምፅዎ ጎረነነ። ጠጋ ብዬብዎታለሁ። ቆይ፣ ትንሽ ላሽሸው... ሁለት ደቂቃ። ጫፉ ብቻ ነው የቀረው።

ዘገዬ፦ ዶክተር፣ ሞቀኝ። ከጆሮዬ ሥር ሞቅ ያለ ነገር እየወረደ ነው።

ትርሲት፦ ጠፍቷል፣ አጥፍቼዋለሁ! ደም ነው። አይነሱ! ራስዎን አያንሱ!

ዘገዬ፦ ያልሽው ደረሰ።

ትርሲት፦ ትልቁ አይደለም፣ ቅርንጫፉ ነው። በአውራ ጣቴ ይዤዋለሁ። ይሰማዎታል? በኃይል ተጭኜዋለሁ። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ።

ዘገዬ፦ ሽጉጡ ወደቀ። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።

ትርሲት፦ እግሬ ሥር ነው ያለው።

ዘገዬ፦ አንሺውና ውጪ።

ትርሲት፦ ይህን ጣት ካነሳሁት ይሞታሉ።

ዘገዬ፦ ይሂዱ ዶክተር። ይሂዱልኝ እባክዎ። ጣትዎን ሰብሬያለሁ፣ ጥርስዎን አርግፌያለሁ። አሁን ቢተዉኝ የሚቀየምዎት የለም፤ እኔም አልቀየምም።

ትርሲት፦ ዝም ይበሉ፣ ሲናገሩ ደሙ ይገፋኛል። ስክሪኑን ያዩታል? ያበራ የነበረው ጠቁሯል። አብዛኛው ነዷል። ይድኑ አይድኑ ግን ማወቅ አልችልም፤ ሳምንት ይፈልጋል።

ዘገዬ፦ ሳምንት አለኝ?

ትርሲት፦ ይህ ጣት እዚህ ከቆየ አለዎት። ቀዶ ሐኪም መጥቶ ሥሩን እስኪቋጥረው።

ዘገዬ፦ ኮሪደሩ ላይ ጫማ እየሰማሁ ነው። ብዙ ናቸው። ሩብ ሰዓቱ አለቀ።

ትርሲት፦ አለቀ።

ዘገዬ፦ ሲገቡ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ጥበቃ የፈነከተ፣ ሽጉጥ የያዘ ሰው ነው የተባሉት። መጀመሪያ ይተኩሳሉ፣ ከዚያ ነው የሚያዩት። ይነሱ ከላዬ። ደረትዎ ሸፍኖኛል፤ እኔን ብለው እርስዎን ይመታሉ። ዶክተር፣ ሰምተውኛል? በሩን እየመቱት ነው! ይነሱ!

ትርሲት፦ እናንተ ከውጭ ያላችሁ፣ ስሙኝ! ሽጉጡ ወለሉ ላይ ነው፣ ማንም አልያዘውም! ከሥሬ የተኛው ሰው ታካሚዬ ነው፤ እሱን የሚመታ መጀመሪያ እኔን ይምታ! በሩን ስበሩትና ቃሬዛ ይዛችሁ ግቡ፣ እኔ እጄን አላነሳም!